አቴንስን ሱሉልታ ላይ የለኩት ቀያሽ

ኦቦ ደበላ ባለፈው ጥር ወር ቡራዩ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው አረፉ። ቤተሰቡ በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ ስለ ጠየቀኝ አንድ ገጽ ተኩል ጽፌ አነበብኩ። የትውልድ ዘመን፣ የትምህርት ደረጃ፣ ያገለገሉባቸው መሥሪያ ቤቶች፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ቁጥር፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ሰፍሯል። አንብቤ ስጨርስ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ በእጃቸው ጠሩኝ። ጠጋ ስል፣ «አቴንስን ተውካት» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ትቻታለሁ። የተውኳት ግን ረስቻት አይደለም፤ በአንድ ገጽ ተኩል የማትነገር ሆና አግኝቻት ነው። አሁን ጊዜም ወረቀትም ስላለኝ የጎደለውን እሞላለሁ።

በጉዳዩ ውስጥ የገባሁት በሙያዬ ምክንያት ነው። በመንግሥት ሥራ ሠላሳ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ። ከዚህ ውስጥ አሥራ ዘጠኙን ያሳለፍኩት በሰበታ ማዘጋጃ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ኃላፊ ሆኜ ነው። ኦቦ ደበላ ቀያሽ ነበሩ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በአንድ አስተዳደር ሥር ከመጠቃለላቸው በፊት፣ በሦስቱም ከተሞች ተዘዋውረው ሠርተዋል። በዕድሜ በስድስት ዓመት ስለሚበልጡኝ እኔ አንቱ እላቸው ነበር፤ እሳቸው አንተ ይሉኛል።

ሲራመዱ ይቆጥሩ ነበር። አንዷ ርምጃቸው ሰባ ሳንቲ ሜትር እንደሆነች በወጣትነታቸው በሜትር ለክተው አረጋግጠዋል። ስልሳ ዓመት ሲሞላቸው እንደገና ለክተው ስልሳ ስድስት ሆና አገኟት፤ ከዚያ ወዲህ ሒሳባቸውን በዚሁ አስተካከሉ። በቀኝ ኪሳቸው ጠጠር ይይዛሉ። መቶ ርምጃ በሞላ ቁጥር አንዷን ወደ ግራ ኪስ ያዛውሯታል። ወደ መስክ ሲወጡ ብቻ አይደለም፤ ለቅሶ ሲደርሱም፣ ቤተ ክርስቲያን ሲስሙም እንዲሁ ነው። እትዬ አስካለ ሱሪያቸውን ሊያጥቡ ሲሉ የሚያወጡት ጠጠር ከቧንቧው አጠገብ ተከምሮ በዓይኔ አይቻለሁ። የመስክ ደብተራቸውን የሚጽፉት በእርሳስ ብቻ ነበር፤ ዝናብ የስክሪብቶን ቀለም ያጥበዋል፣ እርሳስን ግን አይነካውም። ስለ ቦታ ክርክር በተነሣ ቁጥር የሚናገሩት ቃል አንድ ነው። «መሬቱን ጠይቀው» ይላሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ይሄዳሉ።

እኔ የእሳቸውን ትክክለኛ ዋጋ ያወቅሁት በአንድ ሪፖርት ምክንያት ነው። ለበላይ መሥሪያ ቤት በምናስተላልፈው የዓመቱ ሪፖርት ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሜትር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተሠርቶ መጠናቀቁን ጽፌ ነበር። ኦቦ ደበላ ረቂቁን ይዘው ቢሮዬ ገቡ።

«አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነው» አሉ።

«ኦቦ ደበላ፣ ስልሳ ሜትር እኮ ናት።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ቢሮ ውስጥ ሲቀመጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ስልሳዋ ሜትር ላይ አራት ቤት አለ» አሉ። «ክረምት ሲገባ ሂድና ‹ስልሳ ሜትር እኮ ናት› በላቸው።»

ሪፖርቱን አስተካከልኩት። የቅርብ አለቃዬ ቅር አላቸው፤ ነገር ግን ጉድለቱ አንዴ ወረቀት ላይ ስለ ሰፈረ ክረምት ሳይገባ ቦዩ ተቆፍሮ አለቀ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ጡረታ እስከወጣሁበት ቀን ድረስ በፊርማዬ የወጣ አንድም የተጋነነ ቁጥር የለም። ይህን በኩራት እናገራለሁ፤ ኩራቱ ግን የሁለታችን ነው።

አሁን ወደ አቴንስ ልመለስ። ጊዜው ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነበር፤ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኦቦ ደበላ ከቡራዩ ሰበታ ድረስ መጥተው በሬን አንኳኩ። ብብታቸው ሥር ማኅደር ሸጉጠዋል።

«አካም ቡልቴ፣ ፈቃዱ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ይግቡ እንጂ።»

ሳይቀመጡ ጀመሩ። «እኔ ዕድሜዬን መሬት ስለካ ኖርኩ፤ አንተ ዕቅድ ስታወጣ ኖርክ። አንድ የአራት ቀን ዕቅድ ሥራልኝ።»

«የምን ዕቅድ?»

«የአቴንስ።»

የመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ስም መስሎኝ፣ «ስንት አባላት አሉት?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሁለት» አሉ። «እኔና አስካለ።»

ነገሩን ያስረዱኝ ቀስ ብለው ነው። እትዬ አስካለ በቡራዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። የጥንት ግሪክ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ መጽሐፉን ዘግተው፣ አክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያለውን ታላቅ ቤተ መቅደስ፣ ፓርተኖንን፣ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስሉታል፤ ከፊት ስምንት ዓምድ፣ በጎን አሥራ ሰባት። በየዓመቱም አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና፣ «ቲቸር፣ አይተውታል?» ይላል። «አላየሁትም» ብለው ይመልሳሉ። ክፍሉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ቤት ሲመጡ ግን ለኦቦ ደበላ ይነግሯቸዋል፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ነግረዋቸዋል።

ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ክረምት የዓይን ሐኪም ግላኮማ እንዳለባቸው አረጋገጠ። ይህ በሽታ ዓይንን የሚጋርደው ከዳር ጀምሮ ነው፤ ከጎንና ከሥር የሚታየው ነገር ቀስ በቀስ እየጠበበ ይመጣል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ሐኪሙም፣ «ሊያዩት የሚፈልጉት ነገር ካለ ባያዘገዩት ጥሩ ነው» አላቸው። ባልና ሚስቱ ከሐኪም ቤት ወጥተው ታክሲ እስኪሞላ ሲጠብቁ ኦቦ ደበላ፣ «ምንድን ነው ማየት የምትፈልጊው?» ብለው ጠየቋቸው። መልሱን ያውቁታል፤ ቢሆንም ጠየቁ።

ቪዛ ለማመልከት ደግሞ ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር ዝርዝር የጉዞ ዕቅድ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ወደ እኔ የመጡት።

ሥራውን በደስታ ተቀበልኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ አቴንስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከዚያ በለመድኩት ቅጽ አዘጋጀሁት፤ ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ የሚከናወንበት ሰዓት፣ ፈጻሚ አካል፣ የሚጠበቅ ውጤት። በአራት ቀን ውስጥ ሃያ ስድስት ተግባራት ያዝኩ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል፣ ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ይጠናቀቃል። አክሮፖሊስ፣ ሙዚየሞች፣ የጥንቱ ገበያ፣ ሐዋርያው ጳውሎስ የሰበከበት ዐለት፣ የምክር ቤቱ ዘብ ሲለዋወጥ የሚታይበት አደባባይ፣ በባሕሩ ዳር ያለው የፖሲዶን ቤተ መቅደስ፤ ያስቀረሁት ነገር አልነበረም። በፈጻሚ አካል ዓምድ ሥር ሃያ ስድስት ጊዜ «አቶ ደበላ እና ወ/ሮ አስካለ» ይላል።

ኦቦ ደበላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ፈቃዱ፣ አስካለ ውኃ የምትጠጣው በየትኛው ተራ ቁጥር ነው?» አሉኝ።

ትንሽ ከፋኝ። «ዝርዝሩ ሲበዛ ለማመልከቻው ክብደት ይሰጠዋል» አልኩ።

«እሺ። የሙያህ ነው፤ አልነካብህም።»

የሰው ሙያ አይነኩም ነበር። እንዳለ አስገቡት። በታኅሣሥ ወር መልስ መጣ፤ ማመልከቻው ተቀባይነት አላገኘም። ደብዳቤው ላይ ሁለት ምክንያቶች ምልክት ተደርጎባቸዋል። አንደኛው፣ የጉዞው ዓላማና ሁኔታ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም ይላል። ሁለተኛው፣ አመልካቾቹ ወደ አገራቸው የመመለስ ፍላጎታቸው አጠራጣሪ ነው ይላል።

ደብዳቤውን ሰበታ ድረስ አምጥተው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሳነበው እጄ ላይ ከበደኝ። የአንዲት መምህርት ዓይን በየወሩ እየጠበበ፣ እኔ ሃያ ስድስት ተራ ቁጥር ደርድሬ ጊዜዋን አባከንኩባት። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ደብዳቤው ልክ ነው» አሉ። «እኔም ብሆን አላምነውም። ሁለት ሽማግሎች ከንጋት እስከ ማታ እንዲህ የሚሮጡ ከሆነ ሊጠፉ ነው የሚሄዱት እል ነበር።» ሣቁ። ከዚያ ወረቀቴን ከማኅደሩ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቅጹ ቆንጆ ነው። ዕቅዱ ውስጥ ግን የሚራመድ ሰው የለበትም። ነገ ደህና ጫማ አድርገህ ቡራዩ ና፤ መሬቱን እንጠይቀው።»

ያን ያህል ዓመት ዕቅድ ሳወጣ፣ ዕቅድ እንዴት እንደሚወጣ የተማርኩት ከዚያ እሑድ ጀምሮ ባሉት ሁለት ወራት ነው።

የአቴንስን ካርታ በትልቁ አሳትመው ግድግዳ ላይ ለጥፈው አገኘኋቸው። ርቀቱን በክር ይለካሉ፤ ክሩን በካርታው መለኪያ ወደ ሜትር ይመልሳሉ፤ ሜትሩን በስልሳ ስድስት ሳንቲ ሜትር አካፍለው ወደ ርምጃ ይለውጣሉ። ከዚያ እኩል የሆነ ርቀት በሠፈራቸው ይፈልጉና እትዬ አስካለን ይዘው ይሄዱታል። ከሚያርፉበት ቤት ወደ አደባባዩ የሚወስደውን መንገድ የሄድነው ገፈርሳ አካባቢ ነው። የጥንቱን ገበያ የሄድነው ሰበታ ገበያ ውስጥ፣ በገበያ ቀን፣ ሰው እየገፋን ነው። ሙዚየሙ መራመድን ሳይሆን መቆምን ስለሚጠይቅ ቡራዩ አንድ የሸክላ መደብር ውስጥ ለአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ቆምን። ባለ መደብሯ መጀመሪያ ወንበር አቀረበችልን፤ ቀጥላ ምን እንደምንፈልግ ጠየቀች፤ በመጨረሻ፣ «እትዬ አስካለ፣ ወይ ግዙ፣ ወይ ተቀመጡ» አለች። ኦቦ ደበላ ደብተራቸው ላይ «ሙዚየም፦ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ አይቻልም» ብለው ጻፉ።

ዋናው ሥራ የሱሉልታው ነበር። አክሮፖሊስ ከባሕር ጠለል በላይ መቶ ሃምሳ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ እንዳለው ሲያውቁ በጣም ተገርመው ነበር። «የእኔ አልጋ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ሜትር በላይ ነው» አሉ። «እኛ ወደዚያ ተራራ የምንወጣው ቁልቁል ወርደን ነው።» ቢሆንም ከግርጌው እስከ አናቱ ያለውን ሰባ ሜትር ገደማ ሽቅብ አልናቁትም። በየካቲት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን በሚኒባስ ሱሉልታ ሄድን። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ድንጋያማ ዳገት አለ፤ ቀያሽ በነበሩ ጊዜ ከፍታውን ለክተውት ያውቁታል።

ወደ ላይ መውጣት ጀመርን። እሳቸው ይቆጥራሉ፤ እኔ በሰዓት እይዛለሁ፤ እትዬ አስካለ በመሀል ናቸው። እኩሌታው ላይ ስንደርስ ሦስት ሰዎች ከላይ ወደ እኛ ወረዱ። ከፊት ያሉት ጋቢ የደረቡ አዛውንት ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፤ መሬቱን የሚያርሱት እሳቸው ናቸው፣ ከኦቦ ደበላም ጋር ይተዋወቃሉ።

«አካም ጅርቱ» አሉ፤ ሰላምታው ግን ፈጠን ያለ ነበር። «ደበላ፣ ጡረታ ወጣ አላሉንም እንዴ?»

«ወጥቻለሁ።»

«ታዲያ ደብተሩ ምንድን ነው? ያን ጊዜ ይህን ደብተር ይዘህ መጥተህ የገብስ ማሳዬ መንገድ ሆነ።»

«መንገዱን አትሄድበትም?»

«እሄድበታለሁ። በሄድኩ ቁጥር ገብሱ ትዝ ይለኛል።»

ነገሩ ሳይከር በሥርዓት ላስረዳ ብዬ ገባሁበት። «አባቴ፣ ይህ የግል ጉዳይ ነው፤ ከመንግሥት ሥራ ጋር ግንኙነት የለውም» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ከረባት አስሮ ተራራ የሚወጣ የግል ጉዳይ አላየሁም» አሉ።

ከረባት ማሰሬ እውነት ነው፤ የሠላሳ ዓመት ልማድ ነው። ከኋላ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ደብዳቤ አላችሁ ወይ ማለት ጀመሩ። ኦቦ ደበላ ደብተሩን አጠፉ።

«አቴንስን ነው የምለካው» አሉ።

«እሱ ደግሞ የት ቀበሌ ነው?»

«ግሪክ አገር» አሉ እትዬ አስካለ።

«ግሪክ አገር ያለውን ልትለኩ ሱሉልታ መጣችሁ?»

«አዎ» አሉ ኦቦ ደበላ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ኦቦ ገመቹ ወደ ኋላ ዞረው በኦሮምኛ ለሁለቱ ሰዎች ነገሯቸው። ሁለቱም ሣቁ። እትዬ አስካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ተማሪዎቻቸው፣ ስለ ስምንቱ ዓምድ አወጓቸው። መምህርት ነበሩና ሰው ያዳምጣቸዋል። ሲጨርሱ ኦቦ ገመቹ፣ «እንግዲህ ውጡ። ችካል ግን እንዳትተክሉብኝ» አሉን፤ አብረውንም ወጡ።

አናቱ ላይ በሃያ ስድስት ደቂቃ ደረስን። ኦቦ ደበላ ፊታቸው ፈካ፤ ጉዳዩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። ስንወርድ ነው እትዬ አስካለ የተደናቀፉት። ከእግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይ አላዩትም፤ ወደ ፊት ተደፉ። ኦቦ ገመቹ ባይይዟቸው ኖሮ የዚያን ቀን አንድ ነገር ይሰበር ነበር።

ኦቦ ደበላ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆሙ። ኪሳቸው ውስጥ ያሉት ጠጠሮች ሲንቀሳቀሱ ይሰማኛል፤ እሳቸው ግን አልተራመዱም።

«አስኩ» አሉ ዞር ሳይሉ። «እንተወው ይሆን?»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አራገፉ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ‹አይተውታል ወይ› ተብያለሁ» አሉ። «ቀስ ብለህ አውርደኝ።»

መፍትሔውን የሰጡን ኦቦ ገመቹ ናቸው። እናታቸውም ዓይናቸው እንዲህ ሆኖ ነበርና፣ «ሽቅቡ አያስቸግራትም፤ ፊት ለፊቷ ነው። ቁልቁሉ ነው የሚጠፋባት» አሉ። «ሰው ከፊቷ ይውረድ፤ እሷ ትከሻውን ትያዝ። ሱታ፣ ሱታ።» ቀስ በቀስ ማለታቸው ነው። ኦቦ ደበላ ከፊት ሆኑ፤ እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አሳረፉ። ወርደን ስንጨርስ ሰዓቴን አየሁ፤ ቁልቁሉ ብቻ ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ወስዷል። ኦቦ ደበላ እዚያው ቆመው በእርሳስ ጻፉት።

አዲሱ ዕቅድ ዘጠኝ ተራ ቁጥር ብቻ አለው። እሳቸው ከደብተራቸው እያነበቡ፣ እኔ እየጻፍኩ ነው የተዘጋጀው። በየመሀሉ ዕረፍት አለ፤ የዓይን ጠብታው ሰዓት አለ፤ ውኃ አለ። የፖሲዶን ቤተ መቅደስ ወጣ። ጉዞው ከግንቦት 14 እስከ 19 እንዲሆን ተወሰነ፤ በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም ጾም የለም፣ እትዬ አስካለ በሰው አገር የሚበላ ፍለጋ አይንከራተቱም። ይህን ያሰቡትም እሳቸው ናቸው። ዛሬ የዕድሬ ሰዎች ዕቅድ እንዳወጣ ሲጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ይህን የሚሠራው ሰው ማን ነው? ጉልበቱስ?» የሚል ነው። ያን ጥያቄ ያገኘሁት ከዚያ ደብተር ነው።

ለሁለተኛው ማመልከቻ የተቀጠሩት ሚያዝያ 24 ቀን ነበር። እኔ ከኤምባሲው አጥር ውጭ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት ወጥተው ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው። ጠያቂው የውጭ አገር ሰው ነው፤ አንዲት የአገራችን ልጅ ታስተረጉማለች።

«መጀመሪያ ዕቅዱን አየ» አሉ ኦቦ ደበላ። «ቀጥሎ ‹ለምንድን ነው መውረዱ ከመውጣቱ የሚበልጠው?› አለ።»

«ምን አሉት?»

«ደብተሩን ከፍቼ ሱሉልታን አሳየሁት። ከሥር ያለው አይታያትም አልኩት።»

«ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ አየው» አሉ እትዬ አስካለ። «ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ‹እንደምትመለሱ በምን እናውቃለን?› አለ።»

«ይኼኔ እኔ ስለ ቤታችን ካርታ ልናገር ስል ቀደመችኝ» አሉ ኦቦ ደበላ። «‹ግንቦት 21 ተረኛ ነኝ› አለችው።»

እትዬ አስካለ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ ቀን በአባላቱ ቤት በተራ ይወጣል። ተረኛዋ ጽዋውን የምትቀበለው ከወር በፊት ነው፤ ከተቀበለች በኋላ በዚያ ቀን ከቤቷ መታጣት የሚባል ነገር የለም። እትዬ አስካለ ለጠያቂው፣ «ከሦስት ቀን በፊት ጽዋውን ተቀብያለሁ፤ ቤቴ ተቀምጧል። ሃያ አራት ሰው በሬ ላይ ቆሞ እኔ አቴንስ ልቀመጥ?» አሉት። አስተርጓሚዋ ይህን ለመተርጎም ከጥያቄው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወሰደባት። ሰውየው ሁለት ጊዜ መልሶ ጠየቃት። ምን ብላ እንዳስረዳችው ባናውቅም ከዚያ በኋላ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ግንቦት 8 ቀን ቪዛው ለሁለቱም ተፈቀደ።

ስለ ጉዞው ራሱ የምለው ጥቂት ነው፤ አልነበርኩበትም። በተመለሱ በማግሥቱ ቡራዩ ሄጄ ስጠይቃቸው ኦቦ ደበላ የነገሩኝ ከዘጠኙ ተግባራት ሰባቱ መከናወናቸውን፣ ሁለቱን እትዬ አስካለ ራሳቸው መሰረዛቸውንና የአክሮፖሊስ ቁልቁለት ሃምሳ አራት ደቂቃ መውሰዱን ነው። የቀረውን የነገሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው።

«ሙሉውን በአንድ ጊዜ ማየት አልቻልኩም» አሉ። «ለዓይኔ ሰፋብኝ። ደበላ ከኋላዬ ቆሞ ትከሻዬን ይዞ ትንሽ ትንሽ ያዞረኛል። አንድ አየሁ። ትንሽ አዞረኝ፤ ሁለት። እንዲህ እያልን ቆጠርን። ስምንት ነው፣ ፈቃዱ። ከጎኑም ዞረን ቆጠርን፤ አንዳንዱ ፈርሷል፣ ቦታው ግን አለ፤ አሥራ ሰባት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ልጆቹን አልዋሸኋቸውም።»

ኦቦ ደበላ አጠገባቸው ተቀምጠው የዓይን ጠብታውን ጠርሙስ ክዳን ያጠብቃሉ። «እኔም ቆጥሬዋለሁ» አሉ። «ልክ ናት።»

በማግሥቱ ማኅበሩ በቤታቸው ወጣ፤ ሃያ አራቱም መጡ።

ቪዛው ሲሰጣቸው አንድ ግዴታ አብሮ ተሰጥቷቸው ነበር፤ በተመለሱ በአሥር ቀን ውስጥ ፓስፖርታቸውን ይዘው ቀርበው መመለሳቸውን ማረጋገጥ አለባቸው። በቀጠሮው ቀን ሦስታችን አብረን ሄድን። በዚህ ጊዜ እኔም እስከ መስኮቱ ድረስ እንድገባ ተፈቀደልኝ። ያቺው አስተርጓሚ ናት የተቀበለችን። ፓስፖርቶቹን ገልጣ የመግቢያውን ማኅተም አየች፤ እትዬ አስካለን ቀና ብላ ተመለከተችና፣ «ማኅበሩ እንዴት ዋለ?» አለቻቸው።

«ተመስገን፤ ደህና ዋለ።»

መዝገቡን ስባ ጻፈችበት። ኦቦ ደበላ በሥራ ዘመናቸው የተጻፈ ነገር ሳያዩ ሄደው አያውቁምና፣ «ልጄ፣ ምን ብለሽ ጻፍሽ?» አሏት። መዝገቡን አዙራ አሳየቻቸው። ጎንበስ ብለው አነበቡ፤ ቀጥለው እትዬ አስካለን በትከሻቸው ይዘው፣ ጽሑፉ ፊት ለፊት እስኪመጣላቸው ድረስ ትንሽ አዞሯቸው። እኔም ከጀርባቸው ሆኜ አየሁት። ከሁለቱ ስም ትይዩ የሰፈረው ቃል አንድ ነው፦ «ተመልሰዋል»፤ ግንቦት 24 ቀን 2015 ዓ.ም.